የመናገሻው ቤትና የእኛ ሰፈር

ወታደር ለወገኑ የሚሰጠው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ሕይወቱን የሚል ነው። ይሁን እንጂ ከጦር ሜዳ በሕይወት የተመለሰ ሰውም ለወገኑ የሚያበረክተው ታላቅ ነገር እንዳለ የሚያስገነዝብ ታሪክ አለ። በዛሬው የቤተሰብ አምዳችን ልናወሳው የወደድነውም ይህንኑ ነው።

ሌናርድ ቼሻየር የእንግሊዝ አየር ኃይል መኮንን ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪነት ተዋግቶ የአገሩን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ተሸልሟል። እ.ኤ.አ. በ1945 በናጋሳኪ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ሲጣልም ከአየር ላይ ሆኖ በታዛቢነት ተመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ1948 በካንሰር የሚሠቃይና መጠጊያ ያጣ አንድ ሰው በመኖሪያ ቤቱ ተቀብሎ እስከ ዕለተ ሞቱ አስታመመው። ሌሎች ችግረኞችም ተከተሉ። በብዙ አገሮች ለአካል ጉዳተኞች የተቋቋሙት ቤቶች መነሻቸው ይኸው ነው።

ሥራው ባሕር ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አገራችን ገባ። ከአዲስ አበባ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ፣ በመናገሻ፣ ፖሊዮ እግራቸውን ላሰለለባቸው ሕፃናት ማገገሚያ ተመሠረተ። በሆለታ የሠለጠንን መኮንኖች ሁሉ ያን መንገድ እናውቀዋለን። በዚያ ሕፃናቱ የእግር ድጋፍና ክራንች ይሠራላቸዋል፤ ሰውነታቸውን በእንቅስቃሴ ያጠነክራሉ፤ ከዚያም ወደየቤታቸው ይመለሳሉ።

ቁም ነገሩ ይህ መመለስ ነው። በሰፈራችን የሰባት ዓመት ልጇን በጀርባዋ አዝላ ውኃ የምትቀዳ እናት እናያለን። ባሏ በግዳጅ ላይ ነው። አንዳንዱ ጎረቤት «እርግማን ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ለበጎ አድራጊዎች ሰጥተሽ ተገላገይ» እያለ ይመክራታል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። ፖሊዮ በሽታ እንጂ እርግማን አይደለም። ማገገሚያም ልጅ የሚጣልበት ስፍራ ሳይሆን መራመድን ተምሮ የሚወጣበት ቤት ነው። ወላጅ አልባ ለሆነው ቋሚ መጠለያ ያስፈልገዋል፤ እናት ያለው ግን ለእናቱ ይገባል።

በሞያሌ የምንኖር ሰዎች ሌላም ኃላፊነት አለብን። ድንበሩ ከተማችንን ለሁለት ቢከፍላትም ሰዉ ለገበያና ለዘመድ ጥየቃ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ በሽታም አብሮት ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ፖሊዮ በሶማሊያ፣ በኬንያና በኢትዮጵያ ሕፃናትን መትቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ቢረጋገጥም፣ ክትባት በሚጓደልበት ስፍራ ከክትባቱ ቫይረስ የሚነሣ ዝርያ አሁንም ሕፃናትን ያሽመደምዳል። ስለዚህ ጠብታው በመጣ ቁጥር፣ እናቶች ሆይ፣ በራችሁን ክፈቱ። እግሩ ቆልማማ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ካለም ሳምንታት ሳይቆጠሩ ለሐኪም አሳዩት፤ ገና ጨቅላ ሳለ በየሳምንቱ በሚቀየር ጄሶ ሊቃና ይችላልና።

ለዚያች እናት ከሞያሌ እስከ መናገሻ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ወጪውም ለአንድ ወታደር ደመወዝ ይከብዳል። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ዕድራችን ለቀብር የሚያወጣውን ገንዘብ ለሕያው ልጅ መሳፈሪያም ቢያውለው ሕጉን አያፈርስም። በመጪው የዕድር ስብሰባ ይህን ሐሳብ እናቀርባለን፤ እናንተም እንድትደግፉን በአክብሮት እንጠይቃለን።