የመንዝ ጓሳ፤ ሣሩና ገበታው

ከአዲስ አበባ ወደ ጣርማበር የሚወጣ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን ሲያልፍ ጋቢውን ማጥበቅ ይኖርበታል። እኛም ከጥምቀት በዓል በኋላ ባለቤታችንንና ልጆቻችንን ይዘን ወደ መንዝ ስንጓዝ፣ በደብረ ብርሃን ምሳችን መኮሮኒ ነበረ። ጣርማበር በደረስን ጊዜ ደግሞ ጣሊያን በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ተራራውን አስበስቶ ያሠራውን ዋሻ ለልጆቻችን አሳየናቸው። ወራሪው መንገዱንም መኮሮኒውንም ትቶልን ሄዷል፤ በመንገዱ መሄድም መኮሮኒውን መብላትም ነውር የለበትም። ነገር ግን ልጆቻችን የመኮሮኒውን ዓይነት በየስሙ እየጠሩ የገብስ በሶን ጣዕም አለማወቃቸው ቅር ይለን ስለ ነበረ፣ ወደ ዋሻው ሳንገባ ወደ መዘዞ የሚወስደውን መንገድ ያዝን።

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውርጫም ደጋ ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። በዚህ ሣር ቤት ይከደናል፤ ገመድ ይገመዳል፤ ለእረኛም የዝናም ገሣ ይሠራበታል። በማለዳ ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ፣ ኋላም ቁጭ ብለው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ ብርዱን ረስተን ቆምን። ትንሿ ልጃችን፣ «አባባ፣ እነዚህም ይጾማሉ እንዴ?» ብላ ጠየቀችን። ቀይ ቀበሮ ግን ያየነው አንድ ብቻ ነው፤ የአይጥ ጉድጓድ እያደባ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ነበር። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 የማይበልጡ ሲሆኑ፣ መኖሪያቸው ኢትዮጵያ ብቻ ናት።

ይህ ሁሉ የተረፈው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቄሮ በተባለ የአባቶች ሥርዓት፣ አባ ቄራ የሚባል አለቃ መርጠው፣ ጓሳውን አንዳንድ ጊዜ ለዓመታት ይዘጉት ነበር። ሣሩ ሲደርስ በታወቀ ቀን ይከፈታል፤ ከዚያ በፊት ያጨደ ወይም ከብት ያሰማራ ይቀጣል። ስለዚህ ለልጃችን፣ «የሚጾመውስ ምድሩ ነው» ብለን መለስንላት። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የርስት ሥሪት ሲቀር ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳውም ጠባቂ አጥቶ ተጎዳ። ነዋሪዎቹ ኋላ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መለሱት። ዛሬ የዘር ሐረግ ሳይቈጠር የአካባቢው ሕዝብ በጋራ ይጠብቀዋል፤ በእኛ አስተያየት ይህ ከቀድሞው ይሻላል።

ያደርንበት ቤት እመቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ዕለቱ ረቡዕ ስለ ነበረ የገብስ እንጀራ በባቄላ ሽሮ አቀረቡልን። «በሞቴ መምህር፣ ልጆቹ ይብሉ፤ ብርድ ባዶ ሆድ ይወዳል» እያሉ ደጋግመው ጨመሩልን። በማግሥቱ ጭኮ ቀረበ፤ በጉዞው ሁሉ ሲያኰርፍ የነበረው ወንዱ ልጃችን ሳይጠየቅ ሁለተኛ ዘረጋ። ሌሊቱን የለበስነው ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባና እጅግ ይከብዳል፤ ነገር ግን ከዚያ ብርድ የሚያድን ሌላ ልብስ አናውቅም።

ቤታቸው ቆርቆሮ ነው። «ዝናሙ ሲመታው ጆሮ ያደነቍራል፤ የጓሳ ክዳን ግን ይሞቅ ነበር» አሉን። እንግዲያ ሁሉ ወደ ቆርቆሮ ከዞረ ሣሩን ለምን ብሎ የሚጠብቅ ይኖራል? ብለን ጠየቅናቸው። እመቤቲቱም እሳቱን እየቈሰቈሱ፣ «ገመዱስ? ከብቱስ? ዝናም የቀረ ዓመት ከጓሳ በቀር ወዴት ይኬዳል?» አሉን።