ቁርጭምጭሚት የሌላት ቮልስ

ወሎ ሰፈር ውስጥ ቮልስ ያለው ሰው ደላላ አያጣም። መኪናዋ አጥር ጥግ ቆማ ባትሪዋ ቢሞት እንኳ በር አንኳኩቶ "አይሸጧትም?" የሚል ይመጣል። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ የሚላቸው ጡረተኛ ጎረቤቴ መልሳቸው ያው ነው፤ "እየተሻሻለች ነው።" የሚሻሻለው የኋላ አክስሏ ነው። ነባሩን አስነቅለው ባለ ሲቪ ጆይንት ሊያስገቡላት ቆርጠዋል። ቮልስን የስፖርት መኪና ሊያደርጓት ነው ብሎ የሚስቅባቸው አለ። እኔ አልሳቅሁም። እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያዎቹ ፖርሽ 356 መኪኖች ሲሠሩ ብዙው ዕቃቸው ከቮልስ የተወሰደ ነበር፤ የኋላ አክስሉም ጭምር። በዚህ ጉዳይ የፖርሽ ባለቤት ጋሼን ቁልቁል የሚያይበት ምክንያት የለውም።

የአክስሏ ጠባይ የሚታየው ክሪክ ሲገባባት ነው። ከኋላ ስትነሳ ሁለቱ ጎማዎች ከታች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ዘመድ ተጭኖባት፣ ጤፍ ተደርቦባት ስትሄድ ደግሞ ከታች ወደ ውጭ ይከፈታሉ። አክስሉ የሚታጠፈው ካምቢዮው ጋ ብቻ ነውና ጎማው ጋ ሲደርስ መታጠፊያ የለውም፤ አክስሉ በተጋደመበት ጎማውም አብሮ ይጋደማል። ዳሌ አላት፣ ቁርጭምጭሚት የላትም።

ቀጥ ባለ መንገድ ይህ ማንንም አይጎዳም። ጣጣው ጠማማ መንገድ ላይ ነው፤ በተለይ ሹፌሩ ፈጥኖ ገብቶ፣ መሐል ላይ ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ ካነሳ። ያን ጊዜ የመኪናዋ ኋላ ቀና ይላል፣ ክብደቱን የተሸከመው የውጭ ጎማ ወደ ሥሯ ይታጠፋል፣ ከአክስሉ ኋላ የተቀመጠው ሞተር ደግሞ መወርወሩን ያግዛል። አሜሪካዊው ጠበቃ ራልፍ ኔደር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚወቅሰው ይህንኑ ዓይነት አክስል ነው፤ ተከሳሿ ግን የሼቭሮሌቷ ኮርቬር ነበረች። ቮልስ ጉልበቷ ማነሱ ሳይጠቅማት አልቀረም።

ሐሳቡም ቢሆን የቮልስ አይደለም። ቪየና የተወለደው ኤድሙንድ ሩምፕለር እ.ኤ.አ. በ1903 የፈጠራ መብት ያወጣበት ነው። የዚያ ዘመን መኪኖች የኋላ ጎማዎች በአንድ ወጥ ብረት የተያያዙ ስለነበሩ ግራው ጉድጓድ ሲገባ ቀኙም ያለ ጥፋቱ ይቀጣ ነበር። ሩምፕለር እያንዳንዱ ጎማ የየራሱን ጉድጓድ እንዲችል አደረገ። ሃንስ ሌድቪንካ እ.ኤ.አ. በ1923 በቼኮስሎቫኪያዋ ታትራ 11 ላይ አዋለው። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ከዚያ ሰፈር ምን ያህል እንደወሰደ ታትራና ቮልስዋገን ከጦርነቱ በኋላም ሲከራከሩበት ኖረው በካሳ ነው የተለያዩት።

እኛ አገር የቮልስ የኋላ ወንበር ሌላ ታሪክ አለው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ምዕራብ ጀርመንን ሲጎበኙ አገሪቱ ከጦርነቱ በኋላ የተቀበለቻቸው የመጀመሪያው ርዕሰ ብሔር ነበሩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲያስወጣቸው ግን ሮልስ ሮይሱ ቀርቶ ቮልስ ቀረበላቸው። ከኋላ ገብተው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። ታሪኩን የሚያወሳ ሁሉ ስለ መኪናዋ ትንሽነት ይነግረናል። ንጉሠ ነገሥቱ የተቀመጡት ከዚያ ጉደኛ አክስል አጠገብ መሆኑን ያነሱልኝ ጋሼ ብቻ ናቸው። "እንኳንም መንገዱ አጭር ሆነ" ይላሉ፣ ሳይስቁ።

ቁርጭምጭሚቱ የመጣው በሌላ በኩል ነው። የሚዞር ዘንግ የምታስተጣጥፈውን ክሮቼራን የጭነት መኪና ሥር ያየ ሁሉ ያውቃታል። ሐሳቧ ለጣሊያናዊው ሐኪምና የሒሳብ ሰው ለጀሮላሞ ካርዳኖ ይሰጣል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ አጥንቷታል። ነውሯ ታጥፋ ስትዞር የምታስተላልፈው ፍጥነት እኩል አለመሆኑ ነው፤ በየዙሩ ሁለት ጊዜ ትቸኩላለች፣ ሁለት ጊዜ ትዘገያለች። የፎርዱ አልፍሬድ ርዜፓ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መላ አገኘ፤ በውስጠኛውና በውጭኛው ብረት መካከል፣ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ስድስት የብረት ኳሶች አስገባ። ኳሶቹ ምንጊዜም የእጥፋቱን ማዕዘን እኩል ለሁለት በሚከፍለው ቦታ ላይ ስለሚቆዩ የገባው ፍጥነት ሳይዛባ ይወጣል። ሲቪ ጆይንት የሚባለው ይህ ብልሃት ከብዙሃኑ ጋር የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 በወጣችው ሚኒ ነው። ቮልስዋገንም እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1967 ጀምሮ ለኮምቢው፣ በ1969 ሞዴል ደግሞ ወደ አሜሪካ ለምትላከው ቮልስ አራት አራት ሲቪ ጆይንት ሰጠ። ተራዋ ቮልስ አልደረሳትም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ውስጥ የመጨረሻዋ ተሠርታ ስትወጣ እንኳ ያንኑ የጥንቱን አክስል ይዛ ነበር።

የጋሼን መኪና የሚያየው የሰፈሩ መካኒክ ሥራውን አልወደደውም። ሲቪ ጆይንት ኃይል ያስተላልፋል እንጂ ጎማ አይዝም። ስለዚህ ጎማውን ይዞ የሚወጣና የሚወርድ ክንድ ያስፈልጋል፣ የክንዱ መያዣ ሻንሲው ላይ መበየድ አለበት፣ ካምቢዮውም ግራና ቀኙ መቀየር አለበት። ሶማሌ ተራ ዞሮ አንዱን ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ ለቅሞ አይሆንም። "ጋሼ፣ ሙሉውን ከአንድ መኪና ካላገኙልኝ አልነካም፤ ብየዳው ከተጣመመ ቀጥ ባለው መንገድም ጎን ለጎን ነው የምትሄድልዎት" አላቸው። በምትኩ ርካሽ መላ አቀረበ፤ ከካምቢዮው ሥር አግድም የምትታሰር ባሌስትራ፣ ጎማዎቹ ከልክ በላይ ወደ ሥር እንዳይሰበሰቡ የምትይዝ። የድሮ ፖርሽ ነጂዎችም የሚያውቋት መድኃኒት ናት። ጋሼ "ጠጋኝ አልፈልግም" ብለው ተቆጡ።

እኔም ነገሩ ቅንጦት ነው እያልኩ ከመካኒኩ ጋር ነበርኩ። ከወሎ ሰፈር ጎተራ በሚወስደው የኢትዮ ቻይና መንገድ ላይ ማን ነው ጠማማ ላይ ፈጥኖ የሚገባው? መጨናነቁ መች አስችሎት! ግን የጋሼ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ጣርማ በር ላይ፣ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ። ደሴ ሲመላለሱባት የኖሩት በዚያ ነው። ብልሃቱንም ያውቁታል፤ ከጠማማው በፊት ማርሽ መቀነስ፣ ከገቡ በኋላ እግርን ከነዳጅ አለማንሳት። "እኔማ እግሬ ያውቃል" አሉኝ። "ልጁ ግን አውቶማቲክ ነው የለመደ። ሲደነግጥ እግሩን ያነሳል።" መኪናዋ ለልጃቸው ልትተላለፍ እንደሆነ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ከዚያ በኋላ ስለ ቅንጦት አልተናገርኩም።

ሌላ መኪና ይግዙለት እንዳይባል፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እሳት አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። የቀረው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። መካኒኩ በዚያ የሚሰጋ መስሎኝ "ካንዴላ የላቸው፣ ፍሪሲዮን የላቸው፣ ምን ልትበላ ነው?" አልኩት።

"ሲቪ ጆይንት አላቸው" አለኝ፣ ከመኪናዋ ሥር ሳይወጣ። ግሪሱን የሚይዘው ላስቲክ ሲቀደድ አቧራ ይገባል፣ መሪ ሲጠመዘዝ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ባለቤቱም ይመጣል። የኛ ኮብልስቶን ደግሞ ላስቲክ አያስረጅም።

ጋሼ አንዱ ላስቲክ ስንት እንደሆነ ጠየቁት። ነገራቸው። በአራት ካባዙት በኋላ ትንሽ ዝም አሉና ስለዚያች ባሌስትራ እንደገና እንዲያስረዳቸው ጠየቁት።