በከረጢቱ ላይና በከረጢቱ ውስጥ

ሴት ከቤቷ ስትወጣ እጇ ባዶ አይሆንም። ገበያ ስትሄድ ዘንቢል፣ ሥራ ስትሄድ ቦርሳ፣ ለቅሶ ቤት ስትሄድ አገልግል ትይዛለች። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ደግሞ የጨርቅ ከረጢት እንደገና ተፈላጊ ሆኗል። ዛሬ ስለዚሁ ዕቃ፣ ይልቁንም በላዩ ላይ ስለሚታተመው ምልክት እንድንጨዋወት ፈለግሁ።

ለዘመድ ጥየቃ ከውጭ አገር ወልድያ የመጣች አንዲት ወዳጄ በትከሻዋ የምታንጠለጥለው የሸራ ከረጢት የተቈረጠ ሐብሐብ ተሥሎበታል። ያዩዋት ሴቶች «አትክልት ቤት ከፈትሽ እንዴ?» እያሉ ቀለዱባት። እርሷም ሥዕሉ ለፍልስጤም ሕዝብ ያላትን አጋርነት የሚገልጽ መሆኑን ማስረዳት ያዘች።

እንዲህ ያሉ ከረጢቶች ዛሬ በብዙ የዓለም ከተሞች ይታያሉ። ሐብሐብ ሲቈረጥ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ነጭና ጥቁር ስለሚያሳይ የፍልስጤም ሰንደቅ ዓላማ ምትክ ሆኖ ያገለግላል። ጀርባውን ሰጥቶ በባዶ እግሩ የቆመው ልጅ ሐንዳላ ይባላል፤ ሠዓሊው ናጂ አል ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠረው ነው። ሠዓሊው ከአገሩ የተሰደደው 10 ዓመት ገደማ ሲሆነው ስለ ነበር፣ በሥዕሉ ያለውም ልጅ ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ ከ10 ዓመት አያልፍም። ናጂ አል ዓሊ ግን ሳይመለስ እ.ኤ.አ. በ1987 ለንደን ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ሌላው ምልክት ቁልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የተፈናቀሉ ቤተ ሰቦች እንመለሳለን ብለው በራቸውን ቈልፈው የያዙት ቁልፍ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ተላልፏል። ጥልፉም የራሱ ቋንቋ አለው። የፍልስጤም ሴት የቀሚሷ ጥልፍ ከየት አካባቢ እንደ ሆነችና ባለ ትዳር መሆን አለመሆኗን ይናገራል፤ ዩኔስኮም ይህን ሙያ እ.ኤ.አ. በ2021 በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሐብሩ እናት ምኗ ነው? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በበኩሌ፣ ምልክት ስለ ታተመበት ከረጢት ከወሎ ሴት የበለጠ የሚያውቅ መኖሩን እጠራጠራለሁ። በ1966 ዓ.ምም ሆነ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲመታ የእርዳታ እህል የመጣው በከረጢት ነበር። ከዚያም ወዲህ ድርቅ በተደጋገመ ቁጥር ሁለት የተጨባበጡ እጆች የታተሙበት የስንዴ ከረጢት በየቤቱ ገብቷል። ስንዴው አልቆ ከረጢቱ አይጣልም። ታጥቦ፣ ተፈትቶ፣ ዳግመኛ ተሰፍቶ የገበያ መያዣ ይሆናል፤ የበር መጋረጃም፣ የፍራሽ ልብስም ይሆናል።

መርሳ ገበያ ላይ ማንጎ በእንዲህ ያለ ከረጢት ይዘው የተቀመጡ አንዲት እናት አይቼ፣ እነዚህ እጆች ምን ማለት ናቸው ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ስንዴ ነበረበት» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ትርጓሜ አልጠየቅሁም። ለእርሳቸው ምልክቱ ማለት ውስጡ የነበረው ነው።

የፍልስጤም እናቶችም ይህን ያውቁታል። የተባበሩት መንግሥታት ስደተኞቻቸውን ለመርዳት ካቋቋመው ድርጅት ዱቄት ሲቀበሉ፣ ከረጢቱን ለልጆቻቸው ልብስ አድርገው ይሰፉት እንደ ነበር ይታወቃል። በጋዛ ረሃብ መግባቱን ዓለም አቀፉ የምግብ ዋስትና መለኪያ ነሐሴ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲያረጋግጥ፣ ኮረምን የሚያስታውሱ የወሎ እናቶች በቴሌቪዥን የሚታየውን ሕፃን ማንም ሳያስረዳቸው ዐውቀውታል። የቁልፉም ነገር እንግዳ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወልድያና ሐብሩ ሲደርስ ስንቷ እናት ልጇን አዝላ፣ የቤቷን ቁልፍ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ደሴ ወጥታለች! የእኛዎቹ ብዙዎች ከወራት በኋላ ተመልሰው በራቸውን፣ ቢዘረፍም እንኳ፣ አግኝተዋል። የእነዚያ ቁልፍ ግን ከ75 ዓመት በላይ ቈይቶም በሩን አላገኘም።

ይሁን እንጂ አጋርነት የአንዲትን እናት እንባ ለማበስ ሌላዪቱን ማስለቀስ አይደለም። መስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. በእስራኤል ላይ በተጣለው ጥቃት 1,200 ያህል ሰዎች ሲሞቱና 250 ያህል ሲታገቱ የእስራኤል እናቶች አልቅሰዋል። ከዚያ በኋላ በጋዛ በአስር ሺህ የሚቈጠሩ ሲያልቁ የፍልስጤም እናቶች አልቅሰዋል። የእኛም ወገን በዚያ አለ። በእስራኤል የሚኖሩ የቤተ እስራኤል ልጆች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ጦርነቱ ሊባኖስን ሲያዳርስ ደግሞ ለቤት ሥራ የሄዱ እኅቶቻችን አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው በየመንገዱ ወድቀዋል። ስለዚህ ምልክቱን የምትይዝ ሴት ሰውን ለመውደድ እንጂ ሌላውን ለመጥላት አለመያዟን ለራሷም ለልጇም ማስረዳት አለባት።

ሁለተኛም፣ ሥዕሉን ከመውደዳችን በፊት ከረጢቱን ማን ሰፋው? ገንዘቡስ ለማን ይገባል? ብለን እንጠይቅ። በጋዛ «ሱላፋ» በተባለው የጥልፍ ድርጅት ስደተኛ ሴቶች እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በመርፌያቸው ቤተ ሰብ ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። ከእንዲህ ያለች ሴት እጅ የተገዛ ጥልፍ በእውነት ይደግፋል። ምልክቱን አትሞ ትርፉን ኪሱ ከሚከት ነጋዴ የተገዛው ግን ያው ከረጢት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ከመርሳ ሳንርቅ፣ እዚያው ሐብሩ ውስጥ፣ በጃራ መጠለያ ከወለጋ የተፈናቀሉ እናቶች ከነልጆቻቸው በሸራ ድንኳን ክረምትና በጋ አሳልፈዋል። ለእነርሱ የታተመ ከረጢት በየትኛውም ከተማ አልታየም። አንዳንዶች ይህን ይዘው «የቅርቡ እያለ የሩቁ ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። ይህ አነጋገር አያስኬድም። በ1977 ዓ.ም. ሩቅ ያለው ሰው እንዲሁ ብሎን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የምናነብ ስንቶቻችን እንገኝ ነበር? የሩቁን የምታስብ ሴት የቅርቡን እንድታይ፣ የቅርቡን የምትረዳም የሩቁን እንዳትንቅ ማድረግ ነው የሚሻለው። ወሎ በዚህ አይታማም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የጎረቤቱ ቤት ለቅሶ ሲገባ ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ ምግብ ይዞ ይሄዳል። በአገልግሉ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ የሚናገረው ውስጡ ያለው እንጀራ ነው።

ስለ ምልክት ይህን ስል ምልክት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የሐብሐቡ ሥዕል በወልድያ መንገድ ላይ ቢያንስ አንድ ጥያቄ አስነሥቷል፤ ስለ ጋዛ ያላወራች ሴት አውርታለች። በስንዴው ከረጢት ላይ የነበሩትን እጆች ያተመው የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2025 ሐምሌ ወር ተዘግቷል። ከረጢቱ በየገበያው አለ፤ እጆቹም አሉ፤ ስንዴው የለም። ምልክት ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚመስል ከዚህ እንማር።

እንግዲህ እናቶች፤ ጥቂት አቡጀዲ ገዝታችሁ ከረጢት ስትሰፉ ወይም ስታሰፉ፣ ሴቶች ልጆቻችሁንም ወንዶች ልጆቻችሁንም አጠገባችሁ አስቀምጡ። ሐብሐብም ይሁን ቁልፍ፣ ከፈለጉ ይጥለፉበት፤ ትርጉሙን ግን ንገሯቸው። ኅዳር 20 ቀን የተባበሩት መንግሥታት ለፍልስጤም ሕዝብ አጋርነት የሰየመው ዕለት ነው፤ ከልጆች ጋር ለመነጋገር መልካም አጋጣሚ ይሆናል። ከዚያ ከረጢቱን ባዶውን አትስቀሉት። አንድ ጣሳ ሽሮ፣ ለልጅ የጠበበ ሹራብ፣ ግማሽ ደርዘን ደብተር ጨምሩበትና ከተፈናቀሉት ወገኖቻችን ዘንድ፣ ወይም ችግር ከበረታባት ጎረቤት ዘንድ አድርሱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? ከረጢታችንም ጌጥ የሚሆነው ሸክሙን ስንካፈል ነው።