ፊደል ቆጣሪና ጆሮ

ግጥም ተንትኑ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድመን የምናነሳው ጣታችንን ነው። ፊደል እንቆጥራለን፤ ቁጥሩ ከገጠመ ምጣኔው ሰመረ፣ ካልገጠመ ተሰበረ እንላለን። እስቲ ውድ አንባቢያን፣ ነገሩን በአንዲት የመስከረም ግጥም እንየው። ለማስተማር ልምምድ እኛው የቋጠርናት ናት፤ ሆን ብለንም አንድ ቦታ አጉድለንባታል።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ጭጋጉ ሲነሳ፣
ሜዳው አደይ ለብሶ፣ ድካሙን ረሳ።

የተገጠመችው በወል ቤት ነው። በወል ቤት ስንኙ ሁለት ሐረግ አለው፤ አንዱ ሐረግ 6 ቀለም፣ ስንኙ በጠቅላላው 12 ቀለም ይይዛል። አሁን ፊደል ቁጠሩ። «ሜዳው አደይ ለብሶ» 9 ሆኖ ቁጭ ይላል፤ «ድካሙን ረሳ» ግን ልክ 6! እንግዲህ ፊደል ቆጣሪው መምህር ሙሉውን ሐረግ በቀይ ሰርዞ፣ ጎዶሎውን «ጎበዝ» ብሎ ያልፋል ማለት ነው። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ጆሮው የነገረውን በትክክል የጻፈ ሕፃን ከእጃችን ኤክስ ይቀበላል።

ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ው፣ ይ እና ብ ሳድስ ናቸው፤ እዚህ ከፊታቸው ባለው ድምፅ ላይ ይለጠፋሉ። ሜ-ዳው-አ-ደይ-ለብ-ሶ፣ 6። ድ-ካ-ሙን-ረ-ሳ፣ 5። ሳድስ ሁሉ ይዋጣል ብላችሁ ግን እንዳትሸመድዱ፤ የ«ድካሙን» ድ ሳድስ ሆና ሳለ ራሷን የቻለች አንድ ቀለም ናት።

ጉድለቱን እንሙላ ስንል ክርክሩ ጦፈ። «ድካሙን ዘነጋ» ቢባል 6 ይሞላል፣ ምስሉም አይጎዳም፤ ቤት ግን አይመታም፤ ጋን ከሳ ጋር ምን አገናኛት? «ድካሙንም ረሳ» ቢባል ተውጦ የነበረው ን ከም ጋር ነፍስ ይዘራል፣ ድ-ካ-ሙ-ንም-ረ-ሳ፣ ቤቱም ይመታል። ዳሩ ግን ያቺ ም «ደግሞ» የምትል ናት። ሜዳው ከድካሙ ሌላ ምን ረስቶ ነው? ለቁጥር ስትል የገባች ለማኝ ናት ያልናት ብዙዎች ነን።

አንዲት ጓደኛችን ታዲያ «መጨረሻውን ከምትጥፉ መጀመሪያውን ለምን አትነኩትም?» አለችና ጠመኔውን ተቀበለች።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ሌሊቱ ሲነጋ፣
ሜዳው አደይ ለብሶ፣ ድካሙን ዘነጋ።

ምጣኔው ሞላ። ቤቱ ደግሞ ከፊተኛውም በለጠ፤ «ነጋ» የሚለው ድምፅ እንዳለ «ዘነጋ» ውስጥ ገብቷል። ጭጋጉ ግን ከግጥሙ ወጣ። የመስከረም ጠዋት ያለ ጭጋግ ምኑን የመስከረም ጠዋት ነው የሚሉ እስካሁን አልተረቱም፤ ሰሌዳው ላይም ሁለቱም ጎን ለጎን ተጽፈው ቆይተዋል።