ጆሮ ብቻ የታጠቀው አይሮፕላን

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላል ያገራችን ሰው። አንባቢ ሆይ፥ ይህ ተረት በሬዲዮ ለሚነገር ቃል የተተረተ አይመስልህምን? በአየር ላይ የተለቀቀ ቃል ለወዳጅም ለባላንጣም እኩል ይደርሳልና።

መንግሥታት ይህን ስላወቁ ጆሮ ብቻ የታጠቁ አይሮፕላኖች አሰማሩ። ሥራቸው ቦምብ መጣል ሳይሆን የሌላውን ሬዲዮና ራዳር ማዳመጥ ነው። በምድርም ይደመጣል፤ ዛሬ የኤርትራ ዋና ከተማ በሆነችው በአስመራ እስከ 1977 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የቆየው የአሜሪካኖች ቃኘው ጣቢያ ምስክር ነው። ነገር ግን ተዋጊ አይሮፕላኖች የሚነጋገሩበት እጅግ አጭር ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራና የምድር ክብነት ያግዱታል። ከፍ ብሎ የበረረ ግን የማዶውን ይሰማል።

የዚህ ሥራ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ልንገርህ። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1958 ዓ.ም. ከቱርክ አገር ከአዳና የተነሣ የአሜሪካ ሲ 130 አይሮፕላን መንገዱን ስቶ ወደ ሶቪየት አርመንያ ገባ። ሚግ 17 ተዋጊዎች ተኩሰው ጣሉት። ከተሳፈሩት 17 ሰዎች 11ዱ አድማጮች ነበሩ።

ሶቪየቶች አይሮፕላኑ ወደቀ እንጂ ተመታ አላሉም፤ የ6 ሰዎች አስከሬን መልሰው ስለ 11ዱ አናውቅም አሉ። አሜሪካኖችም በበኩላቸው አይሮፕላኑ የሬዲዮ ሞገድ ጥናት ላይ ነበረ አሉ። ነገር ግን የሚጎቹን አብራሪዎች ንግግር ሌሎች ጆሮዎች ሰምተውት ኖሮ፥ በ1959 ዓ.ም. ቃሉ ለዓለም ተገለጠ። ያየኸው እንደሆነ፥ ተኳሾቹም ከአፋፉ አላመለጡም።

ቤተ ሰቦች ግን ልጆቻቸው ሞቱ ወይስ ታሰሩ እያሉ ብዙ ዘመን ኖሩ። የሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ በኋላ፥ በ1993 ዓ.ም. በሳስናሸን መንደር አጠገብ ተቆፍሮ ቅሪታቸው ተገኘ። አይሮፕላኑ በወደቀ ልክ በ40 ዓመቱ፥ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 ዓ.ም. በአርሊንግተን በጋራ ተቀበሩ።

እኔ መንግሥት ምሥጢር አይኑረው አልልም፤ ያለ ምሥጢር የሚኖር መንግሥት የለም። የሥራው ምሥጢር ይጠበቅ። የልጅ ሞት ግን ከእናት የሚደበቅ ምሥጢር ሊሆን አይገባም። አንተ ዛሬ ተማሪ ወይም ጸሐፊ የሆንህ ወንድሜ፥ ነገ «ምሥጢር» የሚለው ማኅተም በእጅህ ሲገባ፥ ከመምታትህ በፊት ማንን ከማን እንደምትሰውር ጠይቅ።