የማያውቅ ሰው ይጠይቃችሁ



በጀመዓችን ብዙ የሕክምና ተማሪዎች አላችሁ። ዛሬ ኢንተርን የሆናችሁ ነገ ለስፔሻሊቲ፣ ከዚያም ለፌሎውሺፕ ጠያቂዎች ፊት ትቀርባላችሁ፣ ኢንሻአላህ። እኔ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ሆኖም ታላቅ እህቴ ባለፈው ክረምት ለፌሎውሺፕ ቃለ መጠይቅ ስትዘጋጅ ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ ጠያቂዋ ነበርኩ። ከዚያ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

እህቴ የሕፃናት ሐኪም ናት። ያመለከተችው በጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ሰብ-ስፔሻሊስት ለመሆን ነው። ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ነው። እሷም መልሶቿን በደብተር ጽፋ በቃሏ ይዛ ነበር። ስታነበንበው ያምራል፤ እኔ ግን ምንም አልገባኝም።

«ይሄ ሲፓፕ የምትይው ምንድን ነው?» አልኳት። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ሳንባው ውስጥ ሰርፋክታንት የሚባለው ንጥረ ነገር ሊያንሰው ይችላል፤ ስለዚህ አየር ባስወጣ ቁጥር ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች ይጣበቃሉ አለችኝ። ክፍት ሆነው እንዲቆዩ አየር በአፍንጫው በቱቦ ይሰጠዋል፤ የቱቦው ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ጠልቆ አረፋ ያወጣል። «ስንት ሴንቲ ሜትር ይጠልቃል?» ስላት «5» አለች። ግፊቱም 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ነዋ! እኛ በፍሉይድ ሜካኒክስ የተማርነው ነገር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን መልስ ከጠርሙሱ ትጀምረው ነበር። ጠያቂዎቹ ቃሉን ከእሷ በላይ ያውቁታል፤ ማየት የሚፈልጉት ነገሩ ገብቷት እንደሆነ ነው።

ከባዱ ጥያቄ «ያልተሳካልሽን አንድ ታካሚ ንገሪን» የሚለው ነው። የደብተሩ መልስ አጭር ነበር፦ ቀድሞ የምሠራበት ሆስፒታል መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ ዘገየ፣ ሕፃኑ አረፈ። ሁሉም እውነት ነው። «ከዚያስ አንቺ ምን አደረግሽ?» አልኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ እናትየውን ራሷ አጠገቧ ተቀምጣ እንደነገረቻት፣ በማግስቱም የትኛው የኦክስጅን ሲሊንደር ሙሉ እንደሆነ በየፈረቃው የሚመዘገብበት ወረቀት ግድግዳ ላይ እንደለጠፈች ነገረችኝ። ትንሽ ነገር መስሏት ደብተሩ ላይ አልጻፈችውም። ይህን ትምህርት የፈለገችው በዚያ ሕፃን ምክንያት መሆኑንም የሰማሁት ያን ማታ ነው።

መንግሥት ትምህርት ቤት ቶሎ እጁን ያወጣ ይመሰገን ነበር። መድረሳ ግን ኡስታዛችን ስናሰማ የሚያስቆሙን ስንሳሳት ብቻ አልነበረም፤ ስንሮጥም ያስቆሙን ነበር። ለቃለ መጠይቅ የረዳን ይሄኛው ነው። ኢማም ማሊክ ብዙ ጥያቄ ቀርቦላቸው ለአብዛኛው «አላውቅም» እንዳሉ ይነገራል። እህቴም «ይህን አላውቅም፤ እንዲህ አድርጌ ግን አጣራለሁ» ማለትን ተለማመደች። ለሐኪም ይህ የሕፃን ሕይወት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የምመክራችሁ፦ ከአሁኑ ያከማችኋቸውን ታካሚዎች ታሪክ፣ ስም ሳትጠቅሱ፣ ያደረጋችሁትንና የተማራችሁትን ጨምራችሁ በደብተር ያዙ። «ለምን ይህን ዘርፍ?» ለሚለው የራሳችሁን ምክንያት ፈልጉ። ከአለቃችሁ ጋር ሳትስማሙ የቀራችሁበትን ጊዜና እንዴት እንደተነጋገራችሁ አስታውሱ። መልሳችሁን ሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሱ። ከሁሉም በላይ ከሌላ ዲፓርትመንት የሆነ ሰው ይጠይቃችሁ። እኛ ኢንጂነሮች ከዐስር ሶላት በኋላ አለን፤ እኛም የኢንተርንሺፕ ቃለ መጠይቅ ስላለብን እናንተም ትጠይቁናላችሁ።

የእህቴ ውጤት ይህን እስክጽፍ አልወጣም። በዱዓችሁ አትርሷት።

ወሰላሙ ዐለይኩም።