ሞተሩን ላሳድሰው ወይስ መኪናውን ልሽጠው?

ከወረታ ሩዝና ሽንኩርት የምጭንበት አሮጌው አይሱዙ ዘይት መብላት ጀምሯል። ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱን ስይዝ ሰማያዊ ጭስ ይለቃል፤ ከኋላ ያለ ሹፌር ሁሉ መስኮቱን ይዘጋል። መካኒኩ «ሞተሩ ይውረድ» ይላል፣ ቤተሰብ ደግሞ «አዲስ ግዛና ተገላገል»።

አዲስ ማለት በአፍ ቀላል ነው! ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመኪና ዋጋና የእኛ ኪስ ተኳርፈዋል። ያገለገለ ላስመጣ እንዳልል፣ በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜው በገፋ መኪና ላይ ታክሱን ከምሮበታል። ብበደርስ? የሽንኩርት ዋጋ ድንገት ይወድቃል፤ የባንክ ዕዳ ግን ወሩን ጠብቆ ይመጣል። ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ደግሞ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፣ ጭነትም ይቀዘቅዛል።

መለዋወጫም ተወዷል፣ አልክድም። ግን የአይሱዙ ዕቃ ባሕር ዳር አይጠፋም፤ ሞተሩን የሚያውቅ መካኒክም እዚሁ አለ። ለእኔ ወሳኙ ሻንሲው ነው። እሱ ከተሰነጠቀ ሞተር ማደስ ብር ማቃጠል ነው። ከሥር ተኝቼ በባትሪ አየሁት፦ ዝገት አለ፣ ስንጥቅ ግን የለም። ከኋላ ባሌስትራ አንዱ ቅጠል ተሰብሯል፤ እሱ ይቀየራል።

ስለዚህ ሞተሩን አሳድሰዋለሁ። ኅዳር የሩዝ አጨዳ ሲደርስ መንገድ ላይ መሆን አለብኝ። ሞተር ያሳደሳችሁ ወንድሞች፣ ሙሉ ዕቃ ቀየራችሁ ወይስ የተበላውን ብቻ? እስቲ ምከሩኝ።